ተሳቢው ልብስ የለበሰበት ሳምንት

የሰፈሩ ሴቶች «አፍ ያለው ያግባሽ» ብለው የመረቋት ልብስ ሰፊ አፍ የሌለውን አገባች። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ነው፤ «ከሹፌሩ ጋር ማውራት ክልክል ነው» የምትለዋን ማስታወቂያ ቤቱ ድረስ ይዟት ገባ። «ራት ቀርቧል» ስትለው ይበላል። «ጨው በዛ?» ስትለው ትከሻውን ይሰብቃል። ልጆቻቸው እንኳ አባታቸው ቤት መግባቱን የሚያውቁት በሳሉ ነበር።

አየር ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው።

ጡረታ እንደወጣ ከከተማው ዳር ያለ የበረራ ክበብ ገባ። እዚያ የሚበረረው ግላይደር በሚሉት፣ ሞተር በሌለው አውሮፕላን ነው። በረጅም ገመድ ተስቦ ይነሣል፣ ገመዱን ይለቃል፣ ከዚያ ወዲያ ከመሬት የሚነሣ ሙቅ አየር እየፈለገ እንደ ጭልፊት እየዞረ ሽቅብ ይወጣል። ሚስቱ ሜዳው ዳር ታጣፊ ወንበሯ ላይ ትቀመጥና የእጅ ሬዲዮ ጭኗ ላይ ታደርጋለች። እሱ ከላይ ያወራል።

«ጭልፊቷ መጣች፤ ከግራ ክንፌ ሥር ናት... ወንዙ ቀንሷል... ያ ቀይ ጣራ ቤት ጓሮ ልብስ ተሰጥቷል፤ ዝናብ ሊመጣባቸው ነው፣ ምስኪኖች።»

አንድ ቀን ከደመና ሥር ሆኖ «ያን ቢጫ ቀሚስሽን ለምን ተውሽው?» አላት። ቀሚሱን የተወችው ልጆቹ ሳይወለዱ ነበር። በሬዲዮው ወሬውን የሰማው የክበቡ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሬዲዮ» ሆኖ ቀረ።

ያ ሁሉ ወሬ የሚወጣው የግላይደሩን ሬዲዮ ከምታሠራ አንዲት ባትሪ ነው። ሜዳው መብራት የለውም። ምሰሶው ወድቆ ሽቦው ከተበጠሰ ወዲህ የክበቡ ኮሚቴ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ይላል። ይህ ሂደት የሚሉት ነገር ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ሲሄድ ያየው የለም፤ ወንበር ይዞ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። እስከዚያው «ሬዲዮ» የተባለው ሰው ባትሪውን ተሸክሞ፣ በአውቶቡስ ተጋፍቶ፣ ቤቱ ወስዶ እየሞላ ሲመልስ ወገቡን ያዘው። ከኮሚቴው መካከል «እስቲ እኔ ልያዝልህ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ራሱ መላ መታ። ግላይደሩ ክንፉ ተነቅሎ የሚያድርበት ረጅም ተሳቢ አለ፤ ጣራው ላይ ሶላር ገጠመ፣ ሽቦውን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው መደርደሪያ ላይ ባትሪ የምትሞላ ትንሽ ሳጥን አሰረ። ሳጥኗ አረንጓዴ ስታበራ ባትሪው ጠግቧል፤ ቀይ ስታበራ ርቦታል።

ሶላሩን መወልወል የሚስቱ ሥራ ሆነ። ከሱቋ ስትወጣ በዚያ በኩል ታልፍና መሰላል ላይ ወጥታ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ታነሣለች። «እትዬ፣ ደግሞ ጣራ ማጠብ ጀመሩ?» ሲሏት፣ «የባሌን ምላስ ነው የማጥበው» ትላለች።

ከዚያ ኮሚቴው ግላይደሩን ሸጠው። አርጅቷል ተባለ፤ ሁለት መቀመጫ ያለው አሁን አይፈለግም ተባለ። ፍሬኑን ሲጠግን፣ ክንፉን ሲያሽ የኖረውን ሰው ማንም አልጠየቀውም። እሱም እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ ዝም የሚል ሰው ደግሞ ለኮሚቴ የተስማማ ሰው ነው። ገዢዎቹ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥተው ተሳቢውን ከነግላይደሩ ጎትተው ሊሄዱ ሆነ። እሑድ ጠዋት ለሬዲዮ የመጨረሻ በረራ ተፈቀደለት።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ለተሳቢው የሸራ ልብስ አዘዘ፤ ዝገቱ እንግዳ ፊት እንዳይታይ። ያዘዘው ማንን መሰላችሁ? እሷኑ ነው።

«የሶላሩ ቦታ መስኮት ልተውለት?» አለችው ልኩን ስትወስድ።

«ኧረ እትዬ፣ ቀዳዳ ልብስ ለእንግዳ ይቀርባል?»

ልትከራከር ትችል ነበር። ግን ሰኞ ጠዋት ሰማያዊውን ሸራ ስታለብሰው ልክክ አለ፤ አንድ መጨማደድ የለበትም። ዞራ ዞራ አየችው። ሙያ ያሳውራል፤ ስለ ሶላሩ ያሰበችውን እዚያው ረሳችው። ባትሪው ባለፈው እሑድ በረራ ተሟጦ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠ ነበር።

እሑድ ጠዋት በሩን ስትከፍት ሳጥኗ ቀይ ናት። ያቺ የመጨረሻ ወሬ፣ እሷ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀቻት፣ በገዛ መርፌዋ ታፍና ከረመች።

ከቦርሳዋ መቀሱን አወጣች፣ መሰላሉ ላይ ወጣች፣ ያን ያማረ ሸራ በሶላሩ ልክ ቦጨቀችው።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣ። «አሁን ሰው ሊመጣ!»

«ሰውማ እዚህም ነበረ፤ እርስዎ አላዩትም እንጂ» አለችው ከላይ።

ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ባትሪው ለመሙላት ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል፤ ገዢዎቹ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው። ባሏ ሳጥኗን አየ፣ የተቀደደውን ሸራ አየ፣ ሚስቱን አየ።

«ያለ ሬዲዮም ይበረራል» አለ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። የፍጥነቱና የከፍታው መለኪያ በአየር ነው የሚሠራው፤ ከሜዳው ሳይርቅ በዓይን መብረር ይችላል። የጎደለው ወሬው ብቻ ነው።

ግላይደሩን ገጣጠሙት። እሱ የፊት መቀመጫ ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሠረ። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር። ስንት ጊዜ «አብረሽኝ ውጪ እንጂ» ብሏት «እግሬ ከመሬት ጋር ቃል ኪዳን አለው» ስትለው የኖረች ሴት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና ተቀመጠች።

«ምነው?» አላት ሳይዞር።

«ቀበቶውን እንዴት ነው የሚያስሩት?»

ገመዱ ተወጠረ፤ መሬቱ ከሥራቸው ሸሸ። ጥርሷን ነክሳ ጸሎት ጀመረች። ገመዱ ተለቀቀ፤ ከነፋሱ ሽውታ በቀር ሁሉ ጸጥ አለ። ጠበቀች። ባሏ ግላይደሩን አንድ ጊዜ አዞረ፣ ሁለተኛ አዞረ። ዝም። የራት ጠረጴዛው ዝምታ ተከትሏት እዚህ ድረስ ወጣ።

ትከሻውን ጠቅ አደረገችው። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ስትወጣ አይደል እንዴ የምታወራው?»

«ምኑን ላውራልሽ? ይኸው አብረሽኝ እያየሽ።»

እሷ እያየች ነበር። ወንዙን፣ ቀዩን ጣራ፣ ከክንፉ ጫፍ ወዲያ የምትዞረውን ጭልፊት፣ ከታች ደግሞ ሰማያዊ ልብሱ ጀርባው ላይ የተቀደደውን ተሳቢ።

«ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኛለሁ» አለችው። «ምንም አላየሁም። ንገረኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው ከግራ እንጀምር» አለ። «ጭልፊትሽ መጥታለች።»