ስባሪ ፓስታና የመስቀል ወሬ

ከቤት የወጣሁት ዶሮ ሳይጮኽ ነው። ጅቡ ገና ከመንደራችን ሜዳ አልራቀም ነበር። እናቴ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ እቅፌ ውስጥ ከተተችና አለቀሰች። አባቴ አላለቀሰም፤ መረቀኝና አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ «አዲስ አበባ ሰው ይበላል ይላሉ። አንተ ብቻ ስምህን አታስበላ። አስካለን ያጨሁልህ በዚሁ ስም ነው።» አስካለ የጎረቤታችን የአቶ ዘርጋ ልጅ ናት። ቀርቤ አነጋግሬያት አላውቅም፤ ውሃ ስትቀዳ ከሩቅ አይቻታለሁ፣ ማየቴንም ታውቃለች። ሠርጉ ከተማ ሠርቼ ጥሪት ስይዝ ይሆናል ተባለ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ፣ በእኔ ላይ የሰማችሁት ወሬ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ደግሞ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

እስከ ወልቂጤ በእግሬ፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና ከጥሬ ቆዳ ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። አራዳ የተቀበለኝ ደግፌ ነበር። የመንደሬ ልጅ ነው፤ ቀድሞኝ ገብቶ በጊዮርጊስ ዙሪያ ልብስ እያዞረ ይሸጣል፣ ምላሱም ከከተማው ልጆች ምላስ እኩል ስሎ ነበር። አፍንጫውን ይዞ ዙሪያዬን ዞረና «ሳህሌ፣ አንተ ነህ ወይስ ከቆዳው አንዱ?» አለኝ። ከዚያ አቀፈኝ። መቼም ያን ቀን ያቀፈኝ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም።

ቤታችን እሪ በከንቱ ነው። ብትጮኽ የሚደርስልህ የለም ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ሰፈሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ደግፌ፣ ሽብሩ የሚባል ሸማኔ፣ ፈቀደ የሚባል ጫማ ጠራጊና እኔ ባንድ ክፍል እንተኛለን፤ አራታችንም የአንድ አገር ልጆች ነን። አከራያችን እትዬ የሺ በየሳምንቱ በር ላይ ቆመው ይመረምሩናል።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ነን፣ እትዬ» ይላል ደግፌ።

«በአራት ዓይነት ድምፅ ስታንኮራፉ ነው ያደራችሁት!»

«እሱ ፈቀደ ነው፣ እትዬ። ዜማ ይችላል።»

«እሳት ቤት ውስጥ እንዳላይ ብያለሁ። ከሰሉ ደጅ ነው።»

«ዝናብ ሲሆንስ፣ እትዬ?»

«ዝናብ ሲሆን ትጾማላችሁ። ክርስቲያን አይደላችሁም እንዴ?»

ዝናቡም ዝናብ አይምሰላችሁ። እኛ አገር እንሰቱ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ ያመጣል። እዚህ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚወረውርብህ ይመስላል፣ እንቅልፍህንም ረሃብህንም ይቀሰቅሰዋል።

እኔ ፒያሳ አንድ ጣሊያን ግሮሰሪ ውስጥ ወለል አጣቢና ከረጢት ተሸካሚ ሆንኩ። ጣሊያኑ ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ ነው። ሱቁን የምታዘው ሚስቱ ናት፤ ሲኞራ እንላታለን። ፓስታው በእንጨት ሣጥን ነበር የሚመጣው። ሙሉው ለባለ መኪና ይሸጣል፤ ከሣጥኑ ሥር የሚቀረው ስባሪ ደግሞ በወረቀት ተጠቅልሎ በርካሽ ለእኛ ቢጤ። ቆርቆሮው የተጨማደደ የቲማቲም ሳልሳም ባለ መኪናው ስለማይነካው ወደ እኛው ይወርዳል። ድሃ የሚበላው ሁሉ መጀመሪያ አንድ ቦታ የወደቀ ነው።

የመጀመሪያውን ስባሪ ይዤ የገባሁ ለት አራታችንም ከብበን ሠራነው። በቀዝቃዛ ውሃ ጣድነው፣ እንዳያርር በእንጨት አማሰልነው፣ አልበቃ ብሎን ጨምረን አማሰልነው። እንደ ገንፎ ሲጠነክርልን በሰፊው ሳህን ላይ ገለበጥነው፣ መሐሉን አጎድጉደን ቅቤ በሚጥሚጣ አፈሰስንበት። ሽብሩ አንዴ ጎርሶ እጁን ታጠበ። ደግፌ አላመጠ፣ አላመጠና «ጣሊያን የተሸነፈው ለካ በዚህ ነው» አለ።

በማግስቱ ለሲኞራ ነገርኳት። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ «ፖርካ ሚዜሪያ!» ብላ በቋንቋዋ እየተራገመች ጮኸች፣ ከዚያ እጄን ይዛ ከሱቁ ኋላ ወዳለችው ማብሰያ አስገባችኝ። ደግ ሆና አይምሰላችሁ፤ ፓስታዋ ስለተዋረደ ነው። ውሃው ብዙ ይሁን አለች፤ ፈልቶ ሲገነፍል ጨው፤ ከዚያ ፓስታው፤ ከዚያ አንዷን አውጥተህ ንከስ፤ ጥርስህ ላይ ትንሽ እምቢ ስትል አውጣው፣ በቀዝቃዛ ውሃም እንዳታጥበው፣ ካጠብከው ከሱቄ አባርርሃለሁ። ስጎውን ከእሷ አይቼ የራሴ አደረግሁት። ሽንኩርት በኑግ ዘይት አቁላላለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ በርበሬ፣ ከአትክልት ተራ አመሻሽ ላይ የሚጣለውን የተፈነከተ ቲማቲም፣ መጨረሻ ላይ ሳልሳውን። ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። ከአገር ቆጮ የመጣልን ጊዜ በቆጮ፣ የለም ሲሆን በእንጀራ እንበላው ነበር። ሲኞራ ይህን ብታይ ኖሮ አገሯ ትመለስ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። በእኛ አገር ወንድ ከብት ያርዳል፣ ሥጋ ያወራርዳል፤ ድስት ግን አይከፍትም፣ ምድጃ አጠገብም አይገኝም። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኛም ተራ በተራ እናብስል ተባብለን ጀምረን ነበር። ሽብሩ አሳረረው፣ ፈቀደ ጨው ረሳ፣ ደግፌ በተራው ለት ቤት አይመጣም። ተራው ቀስ በቀስ እኔ ላይ አረፈ። «አንተ ስትሠራው ነው ፓስታ የሚሆነው» ይሉኛል፣ ድስቱን በእንጀራ ጠራርገው ይበላሉ። ደግፌ እጁን አንስቶ «ይህ ነገር ከዚህ ጣራ ቢወጣ መስቀሉ ይፍረድብኝ» ብሎ ማለ። እኔም አመንኩት። እውነቱን ንገረን ካላችሁ ደግሞ ሥራውን ወድጄው ነበር። ቀኑን ሙሉ «አንተ!» እየተባልኩ ውዬ ማታ ሦስት ሰው እጄን ሲጠብቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል።

ከዚያ መስቀል ደረሰ። ለመስቀል አገሩ የማይገባ የእኛ ሰው እንደ ሞተ ይቆጠራል። ሲኞራ ግን በዓል ገበያ ነው ብላ አልለቅህም አለችኝ። «ሁላችሁም አንድ ቀን ትሄዳላችሁ፣ ሱቄን መስቀሉ ይጠብቀዋል?» አለች። ሦስቱ ቀድመው ሄዱ። እኔ ስደርስ በዓሉ ሊያልቅ ነበር፣ ወሬው ግን ከእኔ በፊት ገብቶ ቤት ቤቱን አዳርሷል።

ደግፌ ነው የተጫወተው። በሬው ታርዶ ሰው ሞቅ ሲለው ነጠላ ወገቡ ላይ አስሮ ቁጢጥ አለ፣ እንደ እኔ አማሰለ፣ ከማማሰያው ቀመሰ፣ በቀጭን ድምፅ «ልጆች፣ እጃችሁን ታጠቡ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ በሳቅ ተንከባለሉ። ሽብሩና ፈቀደ እዚያው ነበሩ። አንዳቸውም «እኛም በልተናል» አላሉም።

ወንዶቹ ክትፎ ሊበሉ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ እኔም ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ። አባቴ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ጓዳ ግባ። እዚያ ሙያህን ያውቁልሃል» አለኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ገባሁ። እናቴ ከጎኗ ቦታ ሰጠችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እናቴ። እኔ ካልሠራሁ ጦማቸውን ያድራሉ።»

«ይደሩ ነበር» አለች። «ቢብስም ይሙቱ ነበር።»

አጎቴ ነገሩን ሊያበርድ አቶ ዘርጋ ዘንድ ሄዶ ለመነልኝ። ይዞልኝ የመጣው መልስ ይህ ነው፦ «ልጄን ልሰጥ ያልኩት ለባል ነው። ሁለት ሚስት ባንድ ጎጆ ምን ያደርጋሉ? ማን ይገዛቸዋል?» በዚህ አለቀ። አስካለን በዚያ መስቀል በሩቁም አላየኋት፤ ደብቀዋት ነበር።

ደግፌን መንገድ ላይ ያዝኩት። «ለጨዋታ እኮ ነው፣ ሳህሌ» አለኝ፣ ትከሻዬን እየመታ። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? አልጨመሩበትም፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ከበዓል በኋላ ሁላችንም ወደዚያችው ክፍል ተመለስን። የመጀመሪያው ማታ ሦስቱ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፣ ፈቀደ የከሰሉን ምድጃ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚህ በኋላ ለምን አበሰልክ ትሉኝ ይሆናል። ብቻዬን መብላት አልችልም ነበር። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ይባላል፤ የተነከሰ እጅ መልሶ ሲያጎርስ ምን እንደሚባል ግን የነገረኝ የለም።

በዓመቱ ደግፌ ለመስቀል ሄዶ ከሚስት ጋር መጣ። አስካለ ናት። አቶ ዘርጋ ከተማ ያለ፣ የሚያስቅ፣ ወንድ የሆነ ወንድ አግኝተው ሰጡት። እትዬ የሺ አጠገባችን ያለችውን ክፍል አከራዩአቸው። እኔ ሰላምታ ሰጠኋት፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ተቀበለች፤ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ሌላ ቤት ልፈልግ አልኩና ሳልፈልግ ቀረሁ። ለምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግፌ ካርታ ሊጫወት ወጣ ሲል አስካለ ድስት ይዛ ደጄ ላይ ቆመች። ጉንጯ አብጧል። የድስቱን ውስጥ አየሁት፤ እኛው በጀመርን ሰሞን እንዳደረግነው ፓስታውን ገንፎ አድርጋዋለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። «ሳህሌ የሚሠራውን ዓይነት ካልሠራሽልኝ ወደ አባትሽ እመልስሻለሁ አለኝ። ሦስተኛዬ ነው፤ አልሆነልኝም።»

ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። አላውቅም ልበላት፣ ወይም አሳስቼ ልንገራት፤ ይመልሳት። ከዚያስ? የተመለሰች ትባላለች፣ አቶ ዘርጋ ደጅ ላይ ታረጃለች፣ ለእኔ እንደሆነ ሁለተኛ አይሰጧትም። አባቷ ጓዳ ለጓዳ ሲያንቋሽሻት ታየኝ፣ እኔ ያን ጓዳ አውቀዋለሁ።

ከሰሉን አቀጣጠልኩ። ውሃው ብዙ ይሁን አልኳት። ሲገነፍል ጨው። ሽንኩርቱን ሳታጣድፊ። አንዷን ክር አውጥቼ በሹካ ሰጠኋትና ንከሺ አልኳት፤ ነከሰችና «ገና ነው» አለች። ትክክል ነበረች። እንዲያ አጠገብ ላጠገብ ቁጢጥ ብለን፣ ጢሱ ዓይናችንን እየለበለበን ድስት ስንጠብቅ፣ በሕይወቴ የጓጓሁለት ነገር ይሄው ነበረ ብዬ አሰብኩ። ድስቱን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

አመሻሽ ላይ ደግፌ በግድግዳው በኩል «ሳህሌ! ና እንጂ አብረን እንብላ!» ብሎ ተጣራ። ሄድኩ። አስካለ አቀረበች። ደግፌ ጠቅልሎ ጎረሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አላመጠና ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

«አሁን ገና ሴት ሆንሽ!» አለ። «ምን ይደረግ፤ እናትሽ ያላስተማረችሽን ይቺ አክስትሽ አስተማረችሽ» ብሎ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

አስካለ ሳቀች። ባሏን ለማስደሰት መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አይደለም፤ ከልቧ ነው፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር። ለእኔ ታጭታ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ሳቋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደስ የሚል ሳቅ አላት። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አሁንም እዚያው ቤት ነኝ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ስትስቅ ይሰማኛል።