ጋን ውስጥ የገባው ፍልፈል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርሁም፤ ለልጄ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴማ በጾም የላስሁትን ቅቤ፣ ጎረቤት ላይ የወረወርሁትን ክፉ ቃል አንድ በአንድ ስዘረግፍ ኖሬ፣ እዚች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ሌላስ ይሉኛል። ሌላ የለም አባቴ እላለሁ። አለ እንጂ። ለአንተ ለማላውቅህ፣ ፊትህን ለማላየው ልንገርህ፤ በማያውቁት ሰው ፊት ማፈር ይቀላል መሰለኝ።

የሰው ድንች ሰረቅሁ። እሱ ብቻ ቢሆን ድሮ በተናዘዝሁት ነበር። በሰረቅሁት ድንች የሰው ስም ቀበርሁ፤ አልወጣ ያለኝ እሱ ነው።

ዘመኑ የጣሊያን፣ አገሩ መተማ ነው። ባሌ ከአርበኞች ጋር ወደ ቋራ በረሃ ገብቶ፣ እኔ ገና ጥርስ ከምታበቅል ልጄ ከትርንጎ ጋር ቀረሁ። የአርበኛ ሚስት ናት እየተባልሁ የሚያስጠጋኝ ጠፋ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ያልፈሩት እማማ ዘይነባ ብቻ ነበሩ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ እስላም ሴት። ወላሂ ይቺ ልጅ ከነልጇ ሜዳ ላይ አታድርም ብለው ከግቢያቸው ጥግ ያለችውን የሣር ጎጆ ሰጡኝ። እማማ ዘይነባ ወላሂ ሳይሉ ነገር አይጨርሱም፤ ስለ ሙቀቱ ሲያወሩ እንኳ ይምላሉ። ከማሉ ግን ሐሰት የለም፤ ይህን መተማ ሁሉ ያውቃል። አንተም ያዝልኝ።

ድንች ያበቅሉ ነበር። ድንች በመተማ! እኔ የወገራ ልጅ ነኝ፤ ድንች የደጋ ነገር እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ዘሩን ከደጋ በሚወርዱ ነጋዴዎች አስመጥተው መጀመሪያ መሬት ላይ ቢተክሉት፣ ምስጥና ፍልፈል ተካፍለው በሉባቸው። ቅጠሉ ለምልሞ ቆሞ ሥሩ ሲቆፈር ልጣጭ ብቻ ተገኘ። እማማ ዘይነባ ግን እልኸኛ ነበሩ። ከጠላ ሻጮች ቤት የተሰነጠቀ ጋን መልቀም ጀመሩ። እስላሟ ሴትዮ የጠላ ጋን አሸክመው ሲገቡ ያየ ሁሉ፣ ዘይነባ ዘንድሮ ሰንበቴ ሊደግሱ ነው እያለ ሣቀ፤ እሳቸውም አብረው ሣቁ። ጋኑን በፈላ ውሃ ደጋግመው አጠቡ፤ ውሃ እንዲያሳልፍ ቂጡን በሱት። ሆዱ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥተው በጭቃ ደፈኑት፤ ድንቹ መድረሱን ተክሉን ሳይነቅሉ የሚዳስሱት በዚያ ነው። ጋኑን በጉልቻ ላይ አስቀምጠው ከጉልቻው ዙሪያ አመድ ነሰነሱ። ምስጡን አመዱ ይመልሰዋል፤ ፍልፈል ደግሞ ጉልቻ አይወጣም። የወንዝ ዳር ደለልና ያረጀ ፍግ ቀላቅለው፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በኅዳር፣ ከኩመሩ ዛፍ ጥላ ሥር ተከሉ። ግንዱ ባደገ ቁጥር አፈር ይጨምሩለታል። ውሃ የሚያመላልስላቸው አደም የሚባል ከሱዳን ወገን የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር።

ያን ዓመት ድንቹን ለጣሊያኖቹ ሰፈር ወጥ ቤት እንዲያስገቡ ታዘዙ። ታዘዙ ነው የምልህ፤ ተስማሙ አላልሁም።

እኔ ጡቴ ነጠፈ። እማማ ዘይነባ ከማሽላቸው ያካፍሉኛል፤ ማሽላው ግን ለሁላችንም አነሰ። ድንቹን ብጠይቃቸው ይከለክሉኝ ነበር? አይከለክሉኝም። ታዲያ ለምን አልጠየቅሁም? ኩራት ነዋ! የሰው ፊት ማየት ሞት መሰለኝ፤ የሰው ጋን መቦርቦር ግን ምንም አልመሰለኝ። ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ከየጥላው ሲያስተኛው፣ ወደ ጋኑ ሄድሁ። ጭቃውን አነሳሁ፤ እጄን ከትቼ ትልልቁን አወጣሁ፤ ጭቃውን በምራቄ አርሼ መልሼ ለጠፍሁት። ቅጠሉ ንቅንቅ አላለም። ረመጥ ውስጥ ጠብሼ ለልጄ አጎረስሁ። በማግስቱም ሄድሁ፤ ከዚያም ወዲያ፣ አንዱ ጋን ሲያልቅ ወደ ሌላው እያልሁ፣ እስከ መረከቢያው ቀን ድረስ ሄድሁ። እዚህ ላይ ለልጄ ስል ሰረቅሁ ብዬ ላመልጥህ ዳድቶኝ ነበር። አላመልጥህም። የልጄ አፍ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን የበላሁት እኔ ነኝ።

የመረከቢያው ቀን የሰፈሩ አስተርጓሚ ከዘበኞች ጋር መጣ። ጋኖቹ ሲገለበጡ ሁለቱ ባዶ ሆኑ፤ ቅጠልና አፈር ብቻ። አስተርጓሚው ዞር ብሎ አደምን አየ። ውሃ የሚያጠጣ እሱ፣ ባዕድ እሱ፣ ታዲያ ሌባስ ሌላ ማን ሊሆን? ዘበኞቹ የፊጥኝ አሰሩት። ታስሮ ወደዚያ ሰፈር የገባ ሰው ጀርባው በአለንጋ ተልጦ ነው የሚወጣው፤ ያውም ከወጣ። አደም እማማ ዘይነባን ብቻ ያያል። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ፍልፈል ነው፤ ፍልፈል ነው የበላው" አልሁ።

በወገራ ድንች ከጠፋ ፍልፈል ነው፤ ሌላ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ቃል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን እንዳልሁ የገባኝ አስተርጓሚው በሣቅ ሲንፈቀፈቅ ነው። ፍልፈል? ጉልቻ ላይ በተቀመጠ ጋን ውስጥ? ጋኖቹ ጉልቻ ላይ የወጡት ፍልፈልን ሸሽተው አልነበረም እንዴ?

እማማ ዘይነባ ጎንበስ ብለው ጋኑን አዩ። የቀዳዳው ጭቃ እርጥብ ነበር፤ ጣቴ ታትሞበታል። ቀጥለው እጄን አዩ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸጎጥሁ። ቀና አሉና ለአስተርጓሚው እንዲህ አሉት፤

"ልጅቱ እውነቷን ነው፤ ፍልፈል ነው። ሁለቱን ጋኖች በስንፍናዬ መሬት ላይ ትቻቸው ከርሜ ትናንት ነው ያነሳኋቸው። ልጁን ፍቱት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ወላሂ አላሉም። እኔ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፤ አላሉም። በጎደለው ምትክ ለዘር ያስቀሩትን ድንች በሙሉ ጨመሩ፤ ያለቻቸውን አንዲት ፍየልም ጎትተው ሰጡ። አደም ተፈታ። እኔም ተመስገን ብዬ ወደ ጎጆዬ ገባሁ።

የመተማ ሰው ሣቅ አይጠግብም። ፍልፈሉ በየገበያው እያደገ ሄደ፤ ጋን የሚዘል ሆነ፣ ጠላ ሸቶት የመጣ ሆነ። የእማማ ዘይነባ ብልሃት ይወራበት በነበረው አፍ ስማቸው እማማ ፍልፈል ተባለ። ጨው ሊገዛ የመጣ ሁሉ እማማ ፍልፈል ጨው አለ ወይ ይላል፤ እሳቸውም አለ ብለው ይሰፍሩለታል። እኔስ? ውሃ መቅጃ ላይ ሴቶቹ ሲያሾፉ አብሬ ሣቅሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ስሰርቅስ ርቦኝ ነበር፤ ስስቅ ምን ሆኜ ነበር?

በተከታዩ ኅዳር እማማ ዘይነባ እንደ ምንም ዘር አግኝተው እንደገና ተከሉ። አንዱን ጋን ከአደም ጋር ተጋግዘው ከጎጆዬ ደጃፍ አመጡና ጉልቻ ላይ አስቀመጡት። አመዱንም በእጃቸው ነሰነሱ።

"ወላሂ፣ ይቺ የፍልፈሉ ናት። የራሱ ያለው ፍልፈል የሰው አይነካም" አሉ።

አደም ቀልድ መስሎት ሣቀ። እኔ ግን ሰማሁ፤ ማሉ። ከማሉ ሐሰት የለም ብዬህ አልነበር? እግራቸው ላይ መውደቅ ሲገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ እማማ ብቻ አልሁ። በዚያች ጋን ድንች ትርንጎ ቆመች፤ በዚያች ጋን ሄደች። ጣሊያን እስኪወጣ በየዓመቱ ጋኗ ከደጄ አልጠፋችም። ዛሬ የትርንጎ ልጆች ቤቴን ሞልተው ሲንጫጩ፣ እነዚህን ያበላው የማን እጅ ነው እላለሁ፤ ደስ ይለኛል፤ አለቅሳለሁም።

ባሌ በሕይወት ተመልሶ ወደ ሽንፋ ጠቅልለን ልንሄድ ስንል፣ እማማ ያ ፍልፈል ብዬ ጀምሬ ነበር። መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉ፤ በሌላው እጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ የድንች ዘር አስያዙኝ። አፌን የያዙት ለአንድ አፍታ ነው። የቀረውን ዘመን የዘጋሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ማረፋቸውን ሰምቼ ለለቅሶ ብደርስ ተቀብረው ቆዩኝ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ያነሳል፤ እማማ ፍልፈል እንዲህ አደረጉልኝ፣ እማማ ፍልፈል እንዲያ አሉኝ ይላል። ወጣቶቹ ሌላ ስም እንዳላቸውም አያውቁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እሳቸው ላይ የዋለው ስም የእኔ ነው። እዚያም ተቀምጬ ዝም አልሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተን አልበደልሁህም። አደምን ግን በድያለሁ፤ ያለ እሳቸው ጀርባው ተልጦ ነበር፤ በሕይወት ካለ ይማረኝ። ላንተ ያለኝ ልመና ሌላ ነው። መተማ ወርደህ የእማማ ፍልፈልን ነገር እያነሱ ሲሥቁ ብትሰማ፣ ሴትዮዋ ዘይነባ ይባሉ ነበር በልልኝ። ጋኖቻቸው አንድም ቀን መሬት ላይ አልዋሉም በል። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ዛሬ ግን በእሳቸው ቃል ልማል። ፍልፈሉ እኔ ነኝ፤ ወላሂ።