ስድስት ቀን የተኛው ጋውን

እውነቱን ለመናገር «ኤሊ» የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በስፌት ቤታችን የአዝራር ቀዳዳ የምትሠራ መኪና አንዲት ብቻ ናት፤ እሷ ላይ የምትቀመጠው ሴት ደግሞ የምትቸኩል ዓይነት አልነበረችም። እኔ ቆራጭ ነኝ። ጨርቁን ሃያ ጊዜ ደርቤ በአንድ ጠዋት ለሠፊዎቹ ሁሉ የሚተርፍ ሥራ እቆርጥና «ኤሊት፣ ደረስሽ?» እያልኩ አልፋታለሁ። ቤቱ በሳቅ ያውካካል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ከልቧ እንዳልነበረ የገባኝ ኋላ ነው።

እዚህ የተቀጠረችው ወለል ጠራጊ ሆና ነው። ባሏ ሲሞት ልጇ ገና ጡት አልጣለችም። እኛ ምሳ ስንበላ እሷ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ስትለማመድ መኪናዋን በራሷ ጊዜ ለመደቻት፣ ከዚያም አሥራ አራት ዓመት ተቀመጠችባት። ልጇን ያሳደገችው በዚያች ወንበር ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

የሆስፒታሉ ትእዛዝ መጣ፦ ስድስት መቶ የነርስ ጋውን፣ እያንዳንዱ ባለ ስድስት አዝራር። ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ሥራው እንዲፈጥን ብለው ሁለት አዲስ የስፌት መኪና ገዙ። ሠፊ ሲጨመር እኔም ባሰብኝ፤ ያለ የሌለውን ጨርቅ ቆረጥኩ። ጋውኑ ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ የሚሄደው ወደዚያችው አንዲት መኪና ነው። ክምሩ አድጎ አድጎ ሴትዮዋን ከዓይናችን ሰወራት። ስምንት የሥራ ቀን ሲቀረን አራት መቶ ሃያ ጋውን አላለቀም፤ እሷ በቀን የምታወጣው አርባ አምስት ነው። ጋሼ መጥተው ክምሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉና፣

«በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ካላለቀ፣ ሰኞ እዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ከአንዲት ሴት ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ» አሏት።

አላለቀሰችም። ከመሳቢያዋ ብጣሽ ወረቀቶች አወጣች። ሰንብታለች፤ እኔን «የቆረጥክበትን ሰዓት ጻፍልኝ» እያለች ወረቀቱን ጋውኑ ላይ በመርፌ ቁልፍ ታያይዝ ነበር። እኔ እብደት መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይዩልኝ። ይሄ ጋውን ተቆርጦ እስኪታጠፍ ስድስት ቀን ፈጅቷል። የሰው እጅ የነካው ግን ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ተኝቷል። ሰነፍ ከተባለ ሰነፉ ጋውኑ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«እኔ ከቀኑ ሲሶውን ቀዳዳ አልሠራም። የቀዳዳውን ቦታ ምልክት አደርጋለሁ፣ ክር እቆርጣለሁ፣ ከክምሩ ውስጥ ልኩን እፈልጋለሁ። ከአዲሶቹ ሠፊዎች አንዷ ምልክቱን ትያዝልኝ፣ አንዷ ክሩን። እኔ ምሳ ስበላም አንዷ ትተካኝና መኪናዋ አትቁም። ክምሩ ይነሳና አራት ቅርጫት ብቻ ይዙር፣ በአንድ ቅርጫት አንድ ልክ። ቆራጩም ባዶ ቅርጫት ካልደረሰው አይቁረጥ።»

ጋሼ «በራስሽ ፈረድሽ» ብለው ወጡ። ያን ዕለት ጠረጴዛ ስንጎትት ዋልንና ሠላሳ ብቻ አወጣን። በማግስቱ ሰባ። በራሴ ጣት ቆጥሬ አላመንኩም።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። ቆራጭ ሰው መቀስ ይዞ ቆሞ ሲታይ ያፍራል። በሦስተኛው ቀን አላስችል አለኝና ተደብቄ ቆረጥኩ፤ ትንሹን ልክ ከትልቁ ጋር በአንድ ቅርጫት ሰድጄ ምልክቱ ሁሉ ተዘበራረቀ። እሱን ለማስተካከል የምሳ ሰዓታችንን በላነው። እሷ ግን አልጮኸችብኝም።

«ወንድሜ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቅርጫት ካልመጣልህ ቁም። ስትቆም ነው የምታግዘኝ።»

ሰኞ ዕለት እንዳለችኝ ቆሜ ሳለሁ ጋሼ ገቡ።

«አንተ፣ ሐውልት ነህ እንዴ? ሥራ የለህም?»

እጄ ወደ መቀሱ ሄደ። እሷ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ፣

«ጋሼ፣ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ማባረር ካለብዎት ዓርብ ማታ እኔን ያባርሩኝ፤ ዛሬ ግን መቀሱን አያስነሱት» አለች።

በዚያ ቤት ጋሼን እንዲህ የተናገረ ሰው አይቼ አላውቅም። ጋሼ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቅርጫቶቹን አዩና ወጡ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የመጨረሻው ጋውን ተተኩሶ ታጠፈ፤ ቀነ ገደቡ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስስቅባት የኖርኩት እኔ፣ ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሰው ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ግን ጋሼ የተነጋገሩት ሴት ከች አለች። ጋሼ ወደ መኪናዋ ወሰዷትና፣

«ወንበርሽ ይኸውና» አሏት።

ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ወደኛዋ ዞሩ።

«አንቺ ተነሺ። ከዛሬ ጀምሮ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ምን መቼ እንደሚቆረጥ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። እኔም ብሆን ሳልጠይቅሽ መኪና አልገዛም።»

ተነሳች። እንግዳዋን አስቀምጣ ክሩን እንዴት እንደምታስገባ አሳየቻት፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ ጥርት ብሎ እስኪወጣም አጠገቧ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣች። መቀሴን አስቀምጬ ተነሳሁላት።

«ዛሬ ስንት ልቁረጥ፣ እትዬ?»