የአባቴ ገል

ዛሬ ልጄ ከእርሻ ሲመለስ ማረሻው ያወጣትን አንዲት ገል ይዞልኝ መጣ፤ ዝናብ የነካውን የሸክላ ሽታ ስምገው፣ ሦስቱን ጭረት በጣቴ ስዳብስ፣ ይኸው በዚህ እርጅናዬ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አረፍኩት።

ያኔ ከአንኮበር በታች፣ ገዳሙ ግርጌ የምንኖር ሸክላ ሠሪዎች ነበርን። ድስታችንን የማይገዛ ቤት አልነበረም፤ እኛን ግን ቡዳ እያሉ ደጃቸውን አያስረግጡንም፤ የምናርሰው መሬትም ስንዝር አልነበረንም። ታዲያ አበምኔቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የገዳሙን እርሻ ለመንደሩ ሰው እኩል በገመድ አስለክተው በዕጣ ሊያድሉ ሲነሡ አባቴንም ጠሩት። አባቴ ከደስታው ብዛት ኩታውን ገልብጦ ለብሶ ወጣ።

ዕጣ ሲጣል ሁሉም የየራሱን ምልክት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የቀንድ ስባሪ፣ ቁና ውስጥ ሲጨምር፣ አባቴ ሦስት ጊዜ የጫረባትን ገል ጨመረ፤ ለሦስት ልጆቹ መሆኑ ነው። ይኼኔ ባሻ ወልዴ የሚባሉ ቁጡ ባላገር ቁናውን ገፉና፣ «የቡዳ ገል ከኔ ዕጣ ጋር? ሞቼ እገኛለሁ!» አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። የአባቴ እግር ወደ ኋላ ሲል አየሁት፤ መሬቱ ከእጃችን ሊወጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

አበምኔቱ ግን አልተቆጡም።

«ባሻ፣ ምሳህን በምን ሠሩልህ?»

«በድስት ነዋ፣ አባ!»

«ድስቱንስ ማን ሠራው?»

ባሻ ጢማቸውን ማሻሸት ያዙ። አበምኔቱ እናቴ ለገዳሙ ያመጣችውን አዲስ ማሰሮ አንሥተው ደንጊያ ላይ ፈጠፈጡት። እናቴ «ወይኔ ማሰሮዬ!» ብላ ጮኸች። እሳቸው ግን «እንግዲህ የሁሉም ዕጣ ገል ነው፤ ገል ያልያዘ መሬት የለውም» ብለው ስባሪውን አሳዩ። ሁሉም እያነሣ ምልክቱን ጫረ፤ ባሻም ፊታቸውን ቋጥረው በኩታቸው ጫፍ አነሡ።

ዕጣውን አንዲት ዓይነ ስውር መነኩሲት አወጡ። የኛ መጨረሻ ወጣ፤ ደንጊያ የበዛበት ተረተር ደረሰን። ቢሆንስ! እናቴ ማሰሮዋን ረስታ እልል አለች፤ አባቴ ገሏን መሬታችን መካከል ቀበራት፤ ደንጊያ ስንለቅም ከርመን በኅዳር ገብሳችን ደረቴን አለፈ። አባቴ የባሻን ገብስ በደቦ አጭዶላቸው ነበርና እሳቸውም በተራቸው ማጭድ ይዘው ከች አሉ። እናቴ ጠላ ስትቀዳላቸው ዋንጫውን በኩታቸው ጫፍ ሳይሆን በእጃቸው ተቀብለው፣ ጭልጥ አድርገው «ድገሚኝ» አሉ። ያን ቀን እኛ ቤት የነበረው ደስታ!

ዛሬ አባቴ የለም፣ እናቴም የለችም፣ አበምኔቱም ባሻም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተኝተዋል፤ እንዴት ይናፍቁኛል! በኩታ ጫፍ የሚይዘን ሰውም አብሮ ጠፍቷል፤ እሱስ ጥፍት ይበል።

ልጄን «ገሏን ካገኘህበት መልሳት» አልኩት።