የተለቀሰበት ብስክሌት

ከባሌ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ያደረግነው ተራ ነገር ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ መመለስ ነው። ቅዳሜ ነበር። ጠዋት በየብስክሌታችን ሄደን ነበር፤ ቡሬ መግቢያ ላይ የእሱ ብስክሌት ካቴና ተበጠሰ። እዚያ ያለው ብስክሌት ጠጋኝ አዲስ ካቴና እስኪያስመጣ ብስክሌቱን እንድንተውለት ነገረን። የእኔን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ከእህል ጆንያ ጋር አሰሩት። እኛ ከሹፌሩ ጀርባ ተጣብበን ተቀመጥንና የጀመርነውን ክርክር ቀጠልን፤ በትልቁ ጉዞ እንሂድ ወይስ በትንሹ?

ሁለታችንም መምህራን ነን። ልጅ የለንም። ብስክሌቶቹን ባሕር ዳር የገዛናቸው ጡረታችን ሲቃረብ ነው፤ ሁለቱም አረንጓዴ፣ አንድ ዓይነት። የእኔ የሚለየው ኮርቻው ዝቅ በማለቱ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ለብዙ ቀን የሚነዳበት ጉዞ የሚያዘጋጁ ሁለት ቡድኖች እንዳሉ ሰማን። በሁለቱም ጓዝህን መኪና ይጭንልሃል፤ አንተ ውሃህን ብቻ ይዘህ ትነዳለህ፤ ሲመሽ እራትና መኝታ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። ትልቁ ከመቶ ሰው በላይ ይዞ፣ ድንኳን የጫነ መኪና፣ ሐኪምና ጠጋኝ አስከትሎ፣ ከባሕር ዳር በዳንግላ፣ በቡሬና በእኛው ከተማ አድርጎ በአስፋልት እስከ ደብረ ማርቆስ ይወርዳል። ትንሹ ስምንት ሰው ገደማና አንድ ሚኒባስ ነው፤ ከጢስ ዓባይ ተነስቶ በገጠር መንገድ ወደ አዴት ይሄዳል። እስክንወስን በሁለቱም ስማችንን አስመዘገብን፤ እሱ ትልቁን ፈለገ፣ እኔ ትንሹን።

«በትንሹ ከሄድን መጨረሻ የምትሆኚው አንቺ ነሽ» አለኝ። «ሰባት ሰው ዳገት ጫፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቅሽ ይታይሽ። በትልቁ ግን መቼም ካንቺ የሚብስ ሰው አይጠፋም።»

«በትልቁ የዘገየውን መኪና ለቅሞ ይጭነዋል እንጂ ማን ይጠብቀዋል?»

«እኔ እጠብቅሻለኋ።»

«አንተማ ዳገት ስታይ ሚስት ያለህም አይመስልህ።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና ሳቀ። እኔ ቀጠልኩ። «ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ማን ያስብልናል? ለዚያ ሁሉ ሰው የሚጣደው አንድ ድስት ነው። በትንሹ እንጾማለን ካልን ሽሮ ይሠሩልናል።»

«በትንሹ ደግሞ አንድ ነዝናዛ ከገባ አለቀልን። ቁርስም ምሳም ከእሱ ጋር ነው።»

«ነዝናዛውንማ ከቤቴ ይዤው ነው የምሄድ።»

ከኋላችን ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡ እናት ማንኩሳ ስንደርስ ትዕግሥታቸው አለቀ። «እናንተ ልጆች» አሉ፣ «ጓዛችሁን የሚጭን መኪና ካለ እናንተስ ለምን አትጫኑም?»

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ሰኞ እንወስናለን ተባብለን ወረድን። እሱ ብስክሌቴን ከጣሪያው ተቀብሎ እስከ ቤት ገፋልኝ።

ሰኞ ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር ራሴን አመመኝ አለ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉና ወደ ባሕር ዳር ይሂድ አሉ። መንገዱ ያን ቀን በጸጥታው ምክንያት ዝግ ነበር። በማግስቱ ዐረፈ።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ የሟቹ ልብስ ይደረብበትና ለቅሶው መሀል እየተሳበ ይዞራል። ባሌ ፈረስ አልነበረውም። የወንድሞቹ ልጆች ከገጠር እንደደረሱ ጓዳ ገቡና ግድግዳ ተደግፎ ያገኙትን ብስክሌት አወጡ። ኮርቻው ላይ ጋቢውን ደረቡ፣ መሪው ላይ ባርኔጣውን ሰቀሉ፣ ጫማዎቹን በክራቸው አስተሳስረው ጎንና ጎኑ ላይ አንጠለጠሉ። ከዚያ አንደኛው መሪውን ይዞ በድንኳኑ ፊት ወዲያና ወዲህ ሳበው። ሰው ሁሉ ጩኸቱን ለቀቀው። አልቃሿ በዚህ ፈረሱ ያልወጣው ዳገት የለም እያለች አወረደችው።

ብስክሌቱ የእኔ ነበር። የእሱ ቡሬ ጠጋኙ ቤት ነው። ያ ብስክሌት ደግሞ ሰው ይዞ ዳገት ወጥቶ አያውቅም፤ ዳገት በመጣ ቁጥር ወርጄ እየገፋሁ የማወጣው እኔ ነኝ። አንዴ ሳቄ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። ይህን ብነግረው ከማንም በላይ የሚስቅበት እሱ ነበር። በዚያ ሁሉ እሪታ መሀል ተነስቼ «ይህ የእሱ አይደለም» ለማለት ግን አፍ አልነበረኝም።

ብስክሌቱ ሳሎን ገብቶ እንደለበሰ ቆመ። ለቅሶ ሊደርስ ከሩቅ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ መሪውን ይስማል፣ ቀጥሎ እኔን። የባሌ ታላቅ እህት፣ እትዬ የምላቸው፣ ከአጠገቡ ፍራሽ አንጥፈው ተኙ። ከመሳም በቀር ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም።

ድንኳኑ እስካለ ድረስ እንደምንም ነበርኩ። ብዙ ሰው ሲሆን አልቅሶ ሲያበቃ እርስ በርሱ ያወራል፤ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ በቆሎ፣ ስለ መንገዱ። መሀላቸው ተቀምጬ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ማንም ልብ አይለኝም። ድንኳኑ ሲነሳ እትዬን ጨምሮ አምስት ሴት ዘመዶቹ ቀሩ። ቸርነታቸውን አልክድም፤ እርሻቸውን ጥለው ነው የተቀመጡልኝ። ግን ዓይናቸው ከፊቴ አይነሳም። ሳስነጥስ «ምነው?» ይላሉ። ውሃ ልቀዳ ስነሳ ሁለቱ ይነሳሉ። መጽሐፍ ስገልጥ «ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ» ብለው ይከድኑታል። ለብቻዬ የምሆነው መጸዳጃ ቤት ብቻ ነበር፤ እዚያም ብዘገይ በሩ ይንኳኳል። ከበር መውጣትማ አይታሰብም፤ ለሐዘንተኛ ሴት ነውር ነው። ብወጣስ የት እደርሳለሁ? መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው።

የተዝካሩ ሰሞን ከባሕር ዳር ስልክ ተደወለ። የትንሹ ጉዞ አዘጋጅ ነበረች፤ ሁለታችንንም ታውቀናለች።

«እህቴ፣ የእናንተን ቦታ ለማንም አልሰጠሁም» አለችኝ። «ሁላችንም እናውቀው የለ። ብቻሽን አንተውሽም፤ ከጎንሽ አንለይም። በየዳገቱ ቆመን አብረንሽ እናለቅሳለን።»

ከልቧ ነው ያለችው። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ሳሎን የተቀመጡትን አምስት ሴቶች አየኋቸውና ሁሉም ብስክሌት ላይ ወጥተው ታዩኝ። አስቤ እደውልልሻለሁ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ወደ ትልቁ እኔው ደወልኩ። ስም የሚመዘግበው ወጣት ነው ያነሳው።

«ሁለት ሰው ብላችሁ ነበር እናቴ። አሁንም ሁለት ነው?»

«አንድ ነው።»

«እሺ፣ አንድ።» ምነው ብሎ አልጠየቀኝም። «የራስዎ ሳይክል አለዎት?»

ቀና ብዬ ጋቢ የለበሰውን ብስክሌቴን አየሁት። «አለኝ» አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ ተነሳሁና ባርኔጣውን ከመሪው ላይ አነሳሁ።

«ተይ!» አሉ እትዬ። «የወንድሜን ፈረስ ማን ንኪው አለሽ?»

«እትዬ፣ ይህ የእኔ ነው። የእሱ ቡሬ ነው ያለው፤ ካቴናው ተበጥሶ ለጠጋኝ ትተነው መጥተን ነው። ኮርቻውን ይዩት እስኪ፤ እሱን የሚያህል ሰው እዚህ ላይ ይቀመጣል?»

ተነስተው ጋቢውን ገለጥ አደረጉና ኮርቻውን በእጃቸው ለኩት። ወገባቸው ላይ እንኳ አይደርስም።

«እንግዲያ ይህን ሁሉ ቀን በቁም ያለ ሰው ሳይክል ነው ያስለቀስሽን?»

«ምን ልበል ነበር እትዬ? በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ለቅሶው ይቁም ልበል?»

ከሴቶቹ አንዷ አማተበች። «በስመ አብ! ሟርት እኮ ነው። በነፍሷ ያለች ሴት ዕቃ ይለቀስበታል?»

እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ የሚያለቅሱ መስሎኝ ያዝኳቸው። እየሳቁ ነበር። «የአጎታችን ልጅ መሪውን ስሞ ስሞ» አሉ ሳቁ እየቆራረጣቸው፣ «አፉ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ነው እኮ አገሩ የገባ።» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እሱ ከሞተ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ሳቁ በላያችን ላይ ተገለበጠና እትዬም እኔም ተቃቅፈን አለቀስን፤ በዚያ ሁሉ ቀን እንደዚያ አላለቀስኩም።

ጋቢውን ከኮርቻው ላይ ያነሱት ራሳቸው ናቸው። አጥፈው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ንጂው» አሉኝ። «ንብረትሽን አልከለክልሽም። ግን ጥቁርሽን ሳታወልቂ፣ ከበሩም ሳትወጪ። ሙት ዓመቱ ይለፍ፤ ከዚያ ወዲያ ወደፈለግሽበት።»

ክርክሩን እሱ አሸነፈ ማለት ነው፤ ስሜ ከትልቁ ጉዞ ጋር ነው ያለው። ምክንያቱ ግን የእሱ አይደለም። እሱ ከእኔ የሚብስ ሰው አይጠፋም ብሎ ነበር፤ እኔ የፈለግሁት የማያውቀኝ ሰው ስለሚበዛበት ነው። ለትንሹ ጉዞ አዘጋጅ ስነግራት ቅር አላት፤ ልክ ናት። የጉዞው ቀን ገና አልተቆረጠም። መንገዱ ሲጸና እንነግራችኋለን ብሎናል ወጣቱ።

የእሱ ብስክሌት አሁንም ቡሬ ነው። ጠጋኙ ካቴናው ተቀይሯል፣ ውሰዱት ብሎ ልኮብኛል። የሚያመጣ ሰው አልላክሁም።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ጥቁር ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ግቢያችን ውስጥ በማንጎው ዙሪያ እነዳለሁ።