ቀይ እስክሪብቶ የተሳሳተበት ራት

የምስራች! «ምስር ብላ» በሉኝና ልቀጥል። ሰውየው ተሳሳተ። ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም በገዛ ቤቱ፣ ያውም በእንግዳ ፊት። ጣራው አልወረደም፣ መሬቱም አልተከፈተም፤ እንዲያውም ቤቱ ቤት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

የማን ምስራች ነው ካላችሁኝ የቀይ እስክሪብቶ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ያንን ስም ግን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ሥራው በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ ማረም ነው። የሠርግ ጥሪ በሉት፣ የሱቅ ማስታወቂያ በሉት፣ የመድኃኒት ካርቶን በሉት፣ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት በእሱ ጠረጴዛ ያልፋል። ጠረጴዛው ከወረቀት መቁረጫው ጎን ስለሆነ ቢላዋው ጓ ባለ ቁጥር ወንበሩ አብሮ ይዘላል። እሱ ግን በቢላዋው ደንግጦ አያውቅም። እሱን የሚያስደነግጠው «ኢንፎርሜሽንስ» የሚል ሰው ነው።

አቤት ያቺን «ኤስ» ሲጠላት! ማንም ሳይጠራት መጥታ «ፈርኒቸር» ላይ፣ «ኢኩዊፕመንት» ላይ እንደ ማስቲካ የምትለጠፈውን። ከእሷ ቀጥሎ «ሪተርን ባክ» የሚሉት ነገር ያንገበግበዋል። ሰውየው ሪተርን ካደረገ ተመልሷል፤ ባክ ደግሞ ምን ልታደርግ ገባች? «ዲስከስ አባውት» ያለ ደንበኛ ሲመጣ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጩን ይይዛል። «ሪሲፕት» ብሎ ደረሰኝ የጠየቀውን «ፒዋ ለጌጥ የተቀመጠች ናት፣ አትነካም» ይለዋል። «ቬጂ ቴብል» ብላ ቃሏን ለሁለት የሰበረችውን አትክልት ሻጭ ደግሞ ካሮቱን ብቻ እንድትሰጠው፣ ጠረጴዛ ቤቱ እንዳለው ነግሯታል። አሁን ለእሱ የምትመርጥለት የተልፈሰፈሰውን ካሮት ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን የፀጉር አስተካካዩ ጉዳይ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ አሮጌ ታፔላውን ይዞ መጣና ልክ እንደዚሁ አድርጋችሁ አሳድሱልኝ አለ። ታፔላው ላይ «ዌልካም» የምትለዋ ቃል ለሁለት ተቆርጣ፣ መሃሏ ላይ መቀስ ተስሎ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ ይህች ከእጄ አታልፍም አለ። ደንበኛው አባቴ የሰቀላት ናት ቢለው፣ አባትህም ተሳስተዋል አለው። ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እኔ የምቆርጠው ፀጉር ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» ብሎ ወጣ። የማተሚያ ቤቱ ማሽኒስት ቀይ እስክሪብቶ ምሳ እስኪወጣ ጠብቆ፣ መቀሷን እንዳለች አትሞ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ ፀጉሩን ለመቆረጥ ሁለት አውቶቡስ ይሳፈራል።

እንግዲህ ይህ ሰው ሚስትና ልጅ አለው፤ እግዜር ያጽናቸው። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ፍሪጁን «ያ ማቀዝቀዣ» ማለት የጀመረችው ለቋንቋዋ ፍቅር ብላ አይደለም። ቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ አለ፤ ቀይ እስክሪብቶ ሊያርም ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እህህ» ይላል። ያ «እህህ» ሲሰማ ሚስቱ መርፌዋን ታቆማለች፣ ሴት ልጁ ድንገት ትዝ ያላትን ሥራ ልትሠራ ወደ ክፍሏ ትገባለች።

ልጁ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ አንድ ናት፣ ሌላ የለውም። ድሮ አንድ የባንክ ሠራተኛ ይዛ መጥታ ነበር። ባንከኛው ደህና ሰው ነበር፤ ስህተቱ «አይ አም አግሪ» ማለቱ ነው። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ተነሥቶ መኪናዬን መጥፎ ቦታ አቁሜያለሁ ብሎ ወጣ። መኪና አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ወደ ቤት ሰው ማምጣት አቆመች፤ አባትየውም ሥራ በዝቶባት ነው እያለ ለሰው ያወራ ነበር።

ለካስ ሰው ነበራት። መነጽር ሠሪ ነው፣ ዓይን ይለካል፤ ከተዋደዱ ከርመዋል። እናት ታውቃለች፣ ጎረቤት ያውቃል፣ የማያውቀው ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ልጅቷ ከፊቱ ተቀመጠችና ሊጋቡ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ለራት እንደምታመጣው ነገረችው። ደስታው ፊቱ ላይ ሳይደርስ ቀጠለች።

«አባዬ፣ አንዴ ‹እህህ› ካልክ ልብሴን ይዤ ነው የምወጣው። ሠርጌን በፎቶ ታየዋለህ። ከፎቶው ሥር የተጻፈውን ማረም ትችላለህ።»

ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቅ ግን አልወጣም። ልጅቷ አልቀለደችም።

ሳምንቱን ሙሉ ተለማመደ። ማሽኒስቱ በደስታ ሊያለማምደው ተነሣ፤ ቀለም በነካ እጁ የመድኃኒት ካርቶን አንሥቶ እያጣመመ ያነብለታል፣ እሱ ዝም ይላል። ‹ዌድነስዴይ› ብሎ ዲዋን ጭምር ሲያነባት ቀይ እስክሪብቶ ተሸነፈ። ማሽኒስቱ፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ መድኃኒቱ ቡሽ ነው» አለው። ከዚህች ቀልድ ነው መላው የመጣለት። ቡሽ ባይሆንም ዳቦ አለ። እህህ ሊመጣ ሲል አፉን በዳቦ ይደፍናል፤ ዳቦ እያላመጠ ያረመ ሰው የለም።

ቅዳሜ መጣ። መነጽር ሠሪው ረጅም፣ ቀጭን፣ አበባ የያዘ፣ መነጽሩን በጣቱ እየገፋ የሚገባ ልጅ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ዳቦውን አጠገቡ ከምሮ ጠበቀው።

ዳቦው ግን ሥራ ፈታ። ልጁ አይናገርም። ሥራ እንዴት ነው ሲባል «ደህና»፣ ቤተሰብ እንዴት ነው ሲባል «ደህና»። እናትየው ዓይን በምን እንደሚለካ ብትጠይቀው፣ ኮምፒውተር ለማለት አፉን ከፈተና ቃሉን ዋጠው፤ «ያ… የሚበራው ዕቃ አለ» አለ። እንደ ፈንጂ አምካኝ እያንዳንዷን ቃል እየመረመረ ነው የሚረግጠው። ቀርቶ ቀርቶ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ቀይ እስክሪብቶ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ይህንን ነበር፤ አንድም ስህተት የማይሰማበት ጠረጴዛ። አሁን አገኘው፤ መብራት የጠፋበት ማተሚያ ቤት ይመስላል። ቀና ሲል ልጅቷን አያት። የወረቀት መሐረቧን እያጠፈች እያጠፈች ቴምብር አሳክላታለች። ያኔ ገባው። ባያርምም ትሄዳለች። ሠርጉ ይደገስ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ባልና ሚስቱ በበዓል መጥተው፣ «ደህና» ብለው፣ ሾርባቸውን ጠጥተው የሚሄዱ እንግዶች ይሆናሉ። ዝም ያሰኛቸው እሱ ነው፤ ዳቦ ስለጎረሰ የሚፈታ ነገር አይደለም።

ዳቦውን ዋጠ።

«እህህ» አለ።

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እናትየው ከጠረጴዛው ሥር ቅልጥሙን አለችው። እሱ ግን ፊቱን ወደ እንግዳው አዞረና፣ እያንዳንዷን ፊደል ለይቶ፣ «እስቲ ስለ ሥራህ ጥቂት ኢንፎርሜሽንስ ስጠኝ» አለ።

እናትየው ልትደግመው እግሯን እንዳነሣች ቀረች። ልጅቷ አባቷን ትኩሳት እንዳለበት ሰው ታየው ጀመር። እሱ እንግዳውን ሊያሳርፈው ነው፤ እነሆ እኔም እሳሳታለሁ፣ እንደልብህ ተናገር ማለቱ ነው። ልጁ ግን አላረፈም። ጆሮው ቀላ፣ አንገቱ ተሳበ፣ መነጽሩን ገፋ፤ ትንሽ ታገለና ለቀቀው።

«እህህ» አለ መነጽር ሠሪው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ ብታገስም አልቻልኩም። እዚያ ላይ ‹ኤስ› አትገባም።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ነገሩ ሲጣራ ለካስ ለዚህኛው የነገረችው ሌላ ነው። አባቴ እንግሊዝኛ ላይ ስስ ነው፣ አደራ እንዳትነካው ብላው፣ ልጁ ሽማግሌው ሲናገሩ ይሳሳታሉ፣ ሲታረሙ ይከፋቸዋል ማለት መስሎታል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የገባበት ወሬ ከተከፈተ ማረሙ አይቀርምና አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። አንዴ ከጀመረ በኋላ የሚቆም አልሆነም፤ የሆቴል የምግብ ዝርዝር ሳያርም እንደማያዝዝ፣ እሷም እሱን ለአባቷ ሳታሳይ የቆየችው በከፊል በዚህ ምክንያት እንደሆነ ተናዘዘ። ከአባቷ ሸሽታ ሸሽታ ሌላ አባቷን ነው የመረጠችው።

አሁን ቀይ እስክሪብቶን ተመልከቱት። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር፤ «አውቄ ነው» ቢል ክብሩ በቦታው ነው። ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች፣ ጆሮውም እንደ ልጁ ቀልቷል። ማንም አርሞት አያውቅም። ልጅቷ በጣቶቿ መሃል ታየዋለች፤ አውቆ እንዳደረገው ገብቷታል፣ የሚለውን ትጠብቃለች።

«ልክ ነህ ልጄ» አለ። «አመሰግናለሁ።»

ልጅቷ ተነሥታ መሃል አናቱን ሳመችው። መነጽር ሠሪው እፎይ ብሎ ወሬውን ለቀቀው፤ ስለ ሌንስ፣ ስለ አለቃው፣ አለቃው ስለሚያበላሻቸው ቃላት፣ ማን ያስቁመው። እናትየው በሳቅ ብዛት ሻይ በአፍንጫዋ ወጣ፤ «ፍሪጅ ውስጥ ኬክ አለ» አለች፣ ፍሪጅ ብላ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። የሠርጉ ወር እዚያው ተቆረጠ።

መነጽር ሠሪው ሲወጣ ኬክ በሳህን አስያዙት። በር ላይ ቆሞ፣ ደስታው አናቱ ላይ ወጥቶ፣ «ሳህኗን ነገ ሪተርን ባክ አደርጋታለሁ» አላቸው።

ቀይ እስክሪብቶ ወደ ጠረጴዛው ሮጦ የቀረውን ዳቦ ሁሉ ጎረሰ።

ይህን ፀጉር አስተካካዩ ገና አልሰማም። አሁን ሱቁን ሳይዘጋ ደርሼ ካልነገርኩት አድሬ መፈንዳቴ ነው። ደህና ሁኑ፣ እየሮጥኩ ነው።