የከሸፈችው ጥይት

ባለፈው ሰሞን አንድ እንግዳ መዳፌ ላይ የጥይት ቀለህ አስቀመጠልኝ። ሰውየው ከአዲስ አበባ እዚህ ጋምቤላ ወዳለው ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ለሥራ የሚመላለስ መሐንዲስ ነው፤ ፈቃድ አውጥቶ ጥንታዊ የአደን ጠመንጃ ይሰበስባል፤ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ጥይታቸው ዛሬ የትም የማይሠራውን ሁሉ። "አሽትተው እስቲ፣ ስንት ዘመን አልፎት ባሩዱ አሁንም ይሸታል" አለኝ። አውራ ጣት የምታህል የውጅግራ ቀለህ ነበረች። አሸተትኳትና መለስኩለት። "እዚህ አካባቢ ውጅግራ የነበረው ሰው ታውቃለህ?" ሲለኝ "ኧረ አላውቅም" አልኩት። አንተን ግን አልዋሽህም፤ አውቅ ነበር።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ መምህር ነበርና እዚሁ ክልል ጎግ ሲመደብ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ወረደ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን ሽማግሌ የአኙዋ አዳኝ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ሄደዋል፤ እሳቸው ከአባታቸው ከወረሱት አንድ ውጅግራ ጋር ቀርተዋል። ጠመንጃው አንዲት ጥይት ጎርሶ፣ እሷን ተኩሶ፣ እንደገና ካላጎረሱት ዝም የሚል ነው። የቀሯቸው ጥይቶች አራት ነበሩ፤ በጨርቅ ጠቅልለው ቅል ውስጥ ያስቀምጧቸዋል።

ለዚያ ጠመንጃ ልቤ ጠፍቶ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ እሳቸው ጋ ነው። ደጃቸው ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ጨርቅ በቀጭን ዘንግ አፈሙዙ ውስጥ እያስገባሁ እወለውላለሁ። ሽታው እጄ ላይ ያድራል፤ እናቴ "ታጠብ አንተ ልጅ፣ የነካኸው ምግብ ሁሉ ጠመንጃ ጠመንጃ ይላል" እያለች ትቆጣኛለች። ሽማግሌው በዝግታ በሚያወሩት አማርኛቸው "ጠመንጃ እንደ ሽማግሌ ነው። ብዙ አይናገርም። ሲናገር ሰው ይሰማል" ይሉኝ ነበር። ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቅሉን እንድነካ የተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ታዲያ ያንን እምነት ምን አደረግኩት መሰለህ? ገና ሲቃረብ ለመዘምራን ጓደኞቼ "ርችት አመጣላችኋለሁ" ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ጎግ ውስጥ ርችት ከየት ይመጣል? ሽማግሌው ዓሣ ሊያጠምዱ የወረዱ ዕለት ከቅሉ አንዷን ጥይት አወጣሁ። እርሳሷን በጉጠት እያወዛወዝኩ ነቀልኩ፤ ጥቁሩን ባሩድ ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩ። በፈንታው የደቀቀ ከሰል ሞላሁባት፣ እርሳሷን መልሼ ሰካሁ፣ ዙሪያዋን በሻማ አሸሁ። ስትታይ ከእህቶቿ አትለይም። የገና ዕለት ጠዋት ባሩዱን በመድኃኒት ቆርቆሮ ውስጥ ስናቀጣጥለው ፍስስ ብሎ ጭሱን ብቻ ለቀቀና ሁሉም ሳቁብኝ። ለዚህ ነበር እንግዲህ።

ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው። ዛሬ ነገ ስል ጥር ተጋመሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ "ና፣ እንሂድ" አሉኝ። ጨርቁን ሲፈቱት አራቱንም አየኋቸው፤ የትኛዋ እንደሆነች ለእኔም ጠፋኝ። አንዷን አጎረሱትና ወጣን።

ሳሩ ገና አልተቃጠለም ነበር፤ ከሰው ቁመት በላይ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ ነፋስ ሲነካው ሻ ይላል። ትኩስ አቧራና የደረቀ ቅጠል ይሸት ነበር። ከፊታችን ሳሩ ተነቃነቀና አንድ ቡናማ ነገር ከፍ ዝቅ አለ። ሽማግሌው ተንበረከኩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ይህንንም ከእኔ በቀር ለማንም አልተነፈሱም። "የአንተ ዓይን ልጅ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "እይልኝ። ከርከሮ ነው?"

እኔ ግን የማየው ሳሩን አልነበረም። ያቺ ከሰል የሞላኋት ብትሆንስ እያልኩ ጠመንጃው ላይ አፍጥጬ ነበር። ሳላጣራ "አዎ፣ ከርከሮ ነው" አልኳቸው።

ቃታውን ሳቡ። የተሰማው ክብሪት የተጫረ ያህል ድምፅ ብቻ ነው፤ ጥይቷ ከሸፈች። ወዲያው ከሳሩ ውስጥ አንዲት ሴት ቀና አለች። የሰፈራችን ሰው ናት፤ ለቤቷ ክዳን ሳር ታጭድ ነበር። ቡናማ ጨርቅ አገልድማለች፣ ማጭዷ በእጇ ነው፣ ሆዷ ገፍቷል። አየችንና ፈገግ ብላ ሰላም አለችን። ሽማግሌው ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በማግስቱ የአባታቸውን ውጅግራ ጊሎ ወንዝ ውስጥ ጣሉት፤ ዳር ቆሜ አየሁ። እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሰው የማያውቁት ሰውዬ እሑድ ዕለት መጡ። ፊት ለፊት ቆሙ፣ የከሸፈችውን ጥይት ከፍ አድርገው አሳዩ፣ "ዓይኔ ታውሮ ነበር። ሰው ልገድል ነበር። ጌታ ይህችን ዝም አሰኛት" ብለው መሰከሩ። ሴትየዋ አለቀሰች፤ ሕዝቡ ሃሌሉያ አለ። እኔ የመዘምራን ልብሴን ለብሼ መሬት መሬት አይ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከዚያ ወዲያ በየገናው ይመሰክሩ ነበር። አደን ቀረ፤ በደረቅ ዓሣና ጎረቤት በሚሰጣቸው ኖሩ። "ዓይኔ" ይላሉ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ይላሉ። የእኔን "አዎ" ግን አንድም ቀን አላነሱትም። ረስተውታል ብዬ ደስ አለኝ፤ ምን እደብቅሃለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ሚስቴ ይህን ስነግራት "ታዲያ ከሰሉን ያስጨመረህ ማን ይመስልሃል?" ትለኛለች። ልታጽናናኝ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ያስጨመረኝን አውቀዋለሁ፤ ጉራዬ ነው። ደግሞስ ከሰሉን ጌታ አስጨመረኝ እንበል፤ "አዎ" ያሰኘኝስ ማነው?

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ጋምቤላ ከተማ ሥራ እንደያዝኩ ለገና ጎግ ወረድኩ። ሽማግሌው ታመው ነበር፤ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም። ሰው ደግፎ አምጥቷቸው ከፊት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መጋቢው ምስክርነቱን ማን ይናገርላቸው ብሎ ሲጠይቅ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "እሱ ነበረ። እሱ ይናገር።"

ወጣሁ። ጥይቷን ሰጡኝ፤ በእጅ ብዛት ወርቅ መስላለች። ሴትየዋ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ልናገር ነው፣ አሁን ልናገር ነው አልኩ ለራሴ። አፌ ግን የለመደውን አወጣ። "ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ሴትየዋ ከርከሮ መሰለቻቸው። ጌታ ግን ጥይቷን ዝም አሰኛት" አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የተናገርኩት ሁሉ እሳቸው ሲናገሩት የኖሩት ነው።

አጠገባቸው ስቀመጥ እጄን ያዙኝና ጆሮዬን ወደ አፋቸው ሳቡት። "አንተ 'አዎ' ያልከውን እኔ የማስቀረው ለአንተ ብዬ ነው" አሉኝ። "አንተ ለማን ብለህ አስቀረኸው?"

ቁጣ የለባቸውም፤ መልሱን ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። ስለ ከሰሉ ልነግራቸው አፌን ስከፍት መዘምራኑ ጀመሩ፣ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ መዝሙሩ መለሱ። መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ እጄን አልለቀቁም። ከወር በኋላ ሞታቸውን ሥራ ቦታዬ ሆኜ ሰማሁ።